የመኪና ወዳጆች የፈረስ ስም

ዓፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዓፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ራስ አሉላ «አባ ነጋ» ሲባሉ ማንነታቸው እየተደበቀ አልነበረም። የፈረስ ስም ወዳጅም ጠላትም የሚያውቀው የአደባባይ ስም ነበር፤ ሰውየው በምን ላይ ተቀምጦ ምን እንደሚሠራ ይናገራል። በኢንተርኔት የሚገናኙ የመኪና ወዳጆች ለራሳቸው የሚያወጡት ስምም ከዚሁ ልማድ ጎን ቢቀመጥ በደንብ ይገባናል። ብዙ ሰው የተጠቃሚ ስምን እንደ ጭምብል ያየዋል። በመኪና ወዳጆች ዘንድ ግን ስሙ ከሚሸፍነው የሚገልጠው ይበልጣል፤ ሰውየው ምን እንደሚነዳ፣ ምን እንደሚያውቅ፣ በምን ጉዳይ ቢጠየቅ መልስ እንዳለው አስቀድሞ ያስታውቃል።

ማስረጃው ከስሞቹ አመራረጥ ይጀምራል። ራሱን «ኮሮላ» ብሎ የሚጠራ አፍቃሪ እምብዛም አይገኝም፤ ቶዮታ እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ50 ሚሊዮን በላይ ኮሮላ ስለሸጠ ስሙ ማንንም ከማንም አይለይም። «ኤኢ86» ያለ ሰው ግን ከ1983 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የተመረተችውን አንዲት መኪና ለይቶ ጠራ። በኮዱ ውስጥ «ኤ» የሞተሩን ቤተሰብ፣ «ኢ» ኮሮላነቷን፣ 8 አምስተኛውን ትውልድ፣ 6 ደግሞ ዝርያዋን ያመለክታሉ። የዘመን ጓደኞቿ ኮሮላዎች ወደ ፊት ጎማ ግፊት ሲያልፉ እሷ በኋላ ጎማ ግፊት ቀረች፤ ቀላልም ነበረች። በተራራ መንገድ ላይ ኩርባን በመንሸራተት ለሚያልፉ ወጣት ጃፓናውያን የተመቸችውም በዚህ ምክንያት ነው። እነሱ «ሀቺ ሮኩ» ይሏታል፤ ስምንት ስድስት ማለት ነው። በዚሁ መንገድ የቢኤምደብሊው ሰው «ኢ30»ን፣ የማዝዳ ሰው «ኤፍዲ»ን፣ የኒሳን ሰው «አር32»ን ይመርጣል። ሌላው ወደ ሞተሩ ወርዶ የቶዮታን «2ጄዜድ» ወይም የማዝዳን «13ቢ» በስሙ ላይ ያክላል። ኮዱን ሌላ ሰው ቀድሞ ከያዘው የምርት ዓመት፣ ቀለም ወይም የከተማ ስም ይከተላል።

እነዚህ ኮዶች ለማስታወቂያ የወጡ አይደሉም። የመሐንዲሶች፣ የጥገና መጻሕፍትና የመለዋወጫ መደብሮች ቋንቋ ነበሩ። የ«ኢ30» ባለቤት ትክክለኛውን ዕቃ ለማዘዝ ኮዱን ማወቅ አለበት፤ በጋራዥ ያልዋለ ሰው ግን አይሰማውም። ስለዚህ ስሙ የዕውቀት ቃል ኪዳን ይሆናል። ራሱን በሞተር ኮድ የጠራ ሰው ስለዚያው ሞተር ተራ ጥያቄ መመለስ ካቃተው ወዲያው ይታወቅበታል። ፈረሱን የማያውቅ ፈረሰኛ በሜዳው ላይ እንደሚጋለጠው ማለት ነው።

ልማዱ ከኢንተርኔት በፊትም ነበር። በ1973 እ.ኤ.አ. የነዳጅ ቀውስ ሲመጣና በ1974 የአሜሪካ መንግሥት የፍጥነት ጣሪያውን በሰዓት 55 ማይል፣ ማለትም 88 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሲያደርገው፣ የከባድ መኪና ሹፌሮች ነዳጅ የት እንዳለና ፖሊስ የት እንደቆመ በአጭር ርቀት ሬዲዮ ይነጋገሩ ጀመር። ሕጉ የሚሰጣቸው የመጥሪያ መለያ የፊደልና የቁጥር ድርድር ነበር፤ እነሱ ግን በራሳቸው ባወጡት ቅጽል ስም መጠራትን መረጡ። ልማዱ እስከ ቤተ መንግሥት ደርሶ የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ቤቲ ፎርድ «ፈርስት ማማ» በሚል ስም በሬዲዮ ተናግረዋል።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሣል፤ ሹፌሮቹ ከፖሊስ ለመሰወር አይደለም ወይ ስም ያወጡት? በከፊል አዎ። ዛሬም ብዙው ሰው የመዝገብ ስሙን የማይገልጠው ለደኅንነቱ ሲል ነው፤ ትክክልም ያደርጋል። ነገር ግን መሰወር ብቻ ቢፈለግ ማንኛውም ትርጉም የሌለው ቃል በበቃ ነበር። የሚታወስና የሚያስከብር ስም የሚፈልግ ሰው በባልደረቦቹ ዘንድ ሊታወቅ ይሻል ማለት ነው። ከመንግሥት መዝገብ መራቅና በሙያ ማኅበር ውስጥ መታወቅ አብረው ይሄዳሉ።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ፈረስ ነፍስ አለው፣ ከጌታው ጋር ጦር ሜዳ ይወድቃል፤ መኪና ግን ፋብሪካ ያመረተው፣ ነገ የሚሸጥ ብረት ነው። ጀግንነቱን ማመሳሰል ድፍረት ይሆናል፤ እኔም አላመሳስለውም። መሸጡ ግን ስሙን አያፈርሰውም። የራስ መኮንን የፈረስ ስም «አባ ቃኘው» ነበር፤ ራስ መኮንን ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር የቃኘው ሻለቃ ተባለ። መኪናውን ከሸጠ ቆይቶም በኮዱ የሚጠራ ሰው ስሙን በዚሁ ዓይነት ነው የያዘው። የፋብሪካ ንብረትነቱንም ቢሆን አፍቃሪዎቹ ገልብጠውታል። በ1995 እ.ኤ.አ. መታተም የጀመረው «ኢኒሺያል ዲ» የተባለ የጃፓን የሥዕል ታሪክ ያቺን አሮጌ ቶዮታ፣ ኤኢ86ን፣ ለአዲስ ትውልድ አስተዋወቀ፤ በ2012 ቶዮታ አዲስ የስፖርት መኪና ሲያወጣ ስሙን «86» አለው። ጌጥ ያልነበረውን ቁጥር ጌጥ ያደረጉት ወዳጆቹ ናቸው፤ ኩባንያው ከእነሱ ወሰደ።

በእኛ ከተሞች ስም የሚያወጣው መንገዱ ራሱ ነው። ተሳፋሪዎች ፊት ለፊት የሚቀመጡባትን ታክሲ «ውይይት» ያላት፣ አደጋ የበዛበትን አይሱዙ «አልቃይዳ» ያለው የመንገዱ ሰው ነው፤ ሁለቱም ከማንኛውም የማስታወቂያ ድርጅት ሥራ የበለጡ ስሞች ናቸው። ይህን ያህል የስም ጥበብ ያለው ሕዝብ ለራሱ የመኪና ወዳጅነት ስም ሲያወጣ ባዕድ ኮድ ብቻ መገልበጥ የለበትም። ስለዚህ ስም ለማውጣት ያሰቡ አንባቢ፣ የሚመኙትን ሳይሆን የሚያውቁትን መኪና ይምረጡ፤ «አባ» ብለው ቢጀምሩም ያምራል። የታርጋ ቁጥርዎንና የትውልድ ዓመትዎን ግን ከስሙ ውስጥ አያስገቡ፤ የመኪናው ሞዴል ዓመት ይበቃል።