ጠጉረ ሻካራ ውሻን በቤት ለመንከባከብ የሚያገለግሉ ቃላት

ቃል ሲሰየም ማን እንደሚገለገልበት አስቀድሞ ማሰብ ያሻል። የውሻን ጠጉር ማበጠርን፣ መከርከምንና ማጽዳትን በአንድነት «ማስዋብ» ብንለው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከውጭ አገር የመጣ ውሻ ያለው ሰው ይረዳን ይሆናል። ከጎባ ተነሥቶ የሳነቴን አምባ ተሻግሮና የሐረናን ደን ቁልቁል ወርዶ ለሚገኘው የደሎ መና ነዋሪ ግን ቃሉ እንግዳ ነው። በዚያ ውሻ የደጅና የከብት ጠባቂ ነው፤ ጠጉሩ የሚዳሰሰውም ለመልክ ሳይሆን መዥገር ለመፈለግ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም የሚያስማማው «የጠጉር ክብካቤ» ነው እንላለን።

የአገራችን ውሻ ጠጉሩ ባብዛኛው አጭርና ልጥፍ ያለ ነው። ከውጭ ከመጡት አንዳንዶቹ ግን ከላይ ደረቅና ጠንካራ፣ ከሥር ለስላሳ ጠጉር አላቸው። ይህን «ሽቦ ጠጉር» ማለት የባዕድ ቋንቋን አነጋገር እንዳለ መገልበጥ ነው። «ከርዳዳ»ም መጠቅለልን ስለሚያመለክት አይስማማም። «ጠጉረ ልውጥ» በሚለው የታወቀ አነጋገር አምሳል «ጠጉረ ሻካራ» ብንል፣ ቃሉ ከቋንቋው ባሕርይ አይወጣም።

በግሦቹ ላይ ይበልጥ መጠንቀቅ ይገባል፤ ስሕተቱ ውሻው ላይ ይታያልና።

ማበጠር፦ ለጠጉርም ለእህልም የሚነገር ነው። በሁለቱም መለየትን ያመለክታል፤ «አበጥሮ ያውቃል» ስንልም ይኸንኑ ማለታችን ነው። ውሻን የሚያበጥር ሰው የተቋጠረውን ሲፈታ ቍስልን፣ እከክንና ቍንጫንም ይለያል።

መንጨት፦ የሞተውን የላይ ጠጉር በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጥቂት ጥቂት ይዞ፣ ቆዳውን በሌላው እጅ ደግፎ፣ ወደ በቀለበት አቅጣጫ መሳብ ነው። ለመውደቅ የደረሰ ጠጉር በቀላሉ ይለቃል፤ ውሻው ካመመው መተው ይገባል።

መሸለት፦ እንደ በግ ጠጉር በመቀስ ወይም በመኪና መቍረጥ ነው። የሞተው ጠጉር ሥሩ በቆዳው ውስጥ ስለሚቀር፣ ጠጉረ ሻካራው እየለሰለሰና ቀለሙ እየደበዘዘ ይሄዳል። «ይነጭ» በሚባልበት ቦታ «ይሸለት» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ እንግዲህ ሌላ ሥራ አዝዟል።

መንቀል፦ መዥገርን በወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። መጨፍለቅም ማቃጠልም አይገባም።

ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም ቃል ግን «መከተብ» ነው። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1991-92፣ በ2003-04 እና በ2008-09 የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል፤ የበሽታው ምንጭም የቤት ውሻ ነው። በመሆኑም ጠባዩ የተለወጠ ውሻ አይበጠርም፣ አይነካምም። የነከሰው ሰው ቍስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

የደሎ መና ሰው አፉን የፈታው ባብዛኛው በኦሮምኛ ስለሆነ፣ የአማርኛው ስያሜ ብቻውን አይበቃም። ኦሮምኛው በሽታውን «ዹኩበ ሰሬ መራቱ» ሲል እንደ አማርኛው በእብድ ውሻ ይጠራዋል። ሁለቱ ቋንቋዎች እዚህ ተስማምተዋል። ለማበጠር፣ ለመንጨትና ለመሸለትም የኦሮምኛው አቻ ከባለቤቶቹ አፍ ተሰብስቦ ከአማርኛው ጎን መጻፍ ይኖርበታል።