የልጆችን የሌሊት ልብስ በቤት ስለ መስፋት

ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ ወጥቶ ሱሉልታ፥ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፥ በጅማ መንገድ ሰበታ የሚያድር ሰው ስለ ብርድ አስተማሪ አያስፈልገውም። እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉ ሲሆኑ፥ ቀን በዋና ከተማው የሚሠሩና የሚማሩ ብዙ ሰዎች፥ የቤት ኪራዩ ስለሚቀላቸው፥ ማታ የሚመለሱት ወደነዚሁ ነው። በተለይ ሱሉልታ ከእንጦጦ ተራራ በስተጀርባ፥ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ስለሚጠራ መሬት ቀን ያጠራቀመችው ሙቀት ሌሊት ሽቅብ ያመልጣል፤ ብርዱም እስከ ውርጭ ይደርሳል።

በዚህ ጊዜ ትልቅ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ያድራል። ሕፃን ግን በእንቅልፍ ልቡ ብርድ ልብሱን ረግጦ ይጥለዋል። ስለዚህ ለእርሱ የሚያስፈልገው ከገላው ሳይገፈፍ የሚያድር ልብስ፥ ማለት ፒጃማ ነው። ቃሉ የመጣው «እግር» እና «ልብስ» ከሚሉ ሁለት የፋርስ ቃላት ሲሆን፥ በሕንድ አገር የሰፊ ሱሪ ስም ነበር። እንግሊዞች ከዚያ ወስደው የሌሊት ልብስ አደረጉት።

የልጁ ልብስ ቀላል የሆነበት ቤተሰብ ብርዱ ሲጸና ምን ያደርጋል? አንዳንዱ የከሰል ምድጃውን ወደ መኝታ ክፍል አስገብቶ በሩን ይዘጋል። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ አየር ግን መልክም ሽታም የለውምና፥ የተኛውን ሰው ሳያነቃው ይገድለዋል። እንግዲህ ደኅና ፒጃማ መስፋት ማለት ምድጃው ከመኝታ ክፍል ውጭ እንዲያድር ማድረግ ማለት ነው።

«ያድግበታል» የሚለው ልማድ

ለልጅ ልብስ ሲገዛም ሲሰፋም «ያድግበታል» ብሎ ሰፋና ረዘም ማድረግ የቆየ ልማዳችን ነው። ለቀን ልብስ ነገሩ ብልህነት ሊሆን ይችላል፤ ለሌሊት ልብስ ግን አደገኛ ነው። ልጁ ፒጃማውን ለብሶ ወዲያው አይተኛም። እራት በሚሠራበት ምድጃ፥ ቡና በሚፈላበት ከሰል፥ መብራት ሲጠፋም በሚለኮሰው ሻማ ዙሪያ ይመላለሳል። የተንዘረፈፈ እጅጌና የሚጎተት ሱሪ ከእሳቱ ጋር የሚገናኙት በዚህ ሰዓት ነው።

እሳት ለመንደድ አየር ይፈልጋል። ሰፊ ልብስ በውስጥም በውጭም አየር ስለሚያገኘው ነበልባሉ በፍጥነት ሽቅብ ይወጣል። ከገላ ጋር ልክ የሆነ ልብስ ግን በውስጡ ብዙ አየር የለውም፤ ወደ እሳትም አይወዛወዝም። በአሜሪካ አገር በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሕፃናት የሌሊት ልብስ ቶሎ እንዳይነድ በኬሚካል ይነከር ነበር። ከነዚህ ኬሚካሎች አንዱ፥ ትሪስ የተባለው፥ ነቀርሳ የሚያመጣ ሆኖ ስለ ታየ በ1977 እ.ኤ.አ. በልጆች የሌሊት ልብስ ላይ እንዳይውል ተከለከለ። በ1996 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዚያው አገር መንግሥት በልክ የተሰፋ ጠባብ የጥጥ ፒጃማ ያለ ኬሚካል እንዲሸጥ ፈቀደ።

በእርግጥ ከሰልባጅ ተራ ርካሽ ፒጃማ ማግኘት ይቻላል። በቤት የመስፋቱ ትልቁ ጥቅም ከገንዘቡ ይልቅ ልኩ ነው።

አሠራሩ

ብትን ጨርቅ ስትመርጡ ጥጥ ይሁን። ናይለን እሳት ሲነካው ቀልጦ ከቆዳ ጋር ይጣበቃል። ፊቱ ጠጉር ያለው ለስላሳ ጥጥ ቢሞቅም ቶሎ እሳት ይይዛልና፥ ጠጉር የሌለው ወፍራም ጥጥ ይሻላል። ከሁሉ የሚመረጠው የሚለጠጠው የካናቴራ ዓይነት ጨርቅ ነው። ይህ ጨርቅ ለሰበታ እንግዳ አይደለም፤ በዓለም ገና በ2010 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የአይካ አዲስ ፋብሪካ ጥጥ እየፈተለ ከዚሁ ዓይነት ጨርቅ የተሰፋ ልብስ ወደ ጀርመን ይልክ ነበር።

ለ6 ዓመት ልጅ ወርዱ 1 ሜትር ከ50 የሆነ ጨርቅ፥ ርዝመቱ 1 ሜትር ተኩል ቢሆን ይበቃል። ሳይቆረጥ በፊት በሙቅ ውሃ ታጥቦ ይድረቅ፤ ጥጥ ሲታጠብ ይኮማተራልና።

ከዚያ ለልጁ ልክ የሆነውን ሱሪ አንዱን እግር በሌላው ላይ አጥፋችሁ በጋዜጣ ላይ ዘርጉ፤ ዙሪያውንም በእርሳስ አስምሩ። ለስፌት 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል፥ ላስቲክ ለሚገባበት ወገብ 3 ሳንቲ ሜትር፥ ለታችኛው ጫፍ 6 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ። ከበስተኋላ ወገቡ 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ አለዚያ ልጁ ሲያጎነብስ ጀርባው ይገለጣል። ላይኛውንም ከሚለብሰው ሹራብ ላይ በዚሁ ዘዴ አውጡ። አንገቱ ጭንቅላት የሚያስገባ ይሁን እንጂ ማሰሪያ አይኑረው፥ ሌሊት ሊያንቀው ይችላል። ትንሽ ልጅ ሊውጠው የሚችል ቁልፍም ይቅር።

አሁን «ልጁ ሲያድግስ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ በእጥፋቱ ውስጥ ነው። በእጅጌውና በሱሪው ጫፍ የተተወውን 6 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አጥፋችሁ በቀላል ስፌት ያዙት፤ አንጓው ግን ጠበብ ይበል። ልጅ በዚህ ዕድሜ ከወርዱ ይልቅ በቁመቱ ፈጥኖ ስለሚያድግ፥ በዓመቱ ክሩን ፈትቶ ማስረዘም ነው። እንዲህ ከሆነ ልብሱ ዛሬም ልክ፥ ለከርሞም ልክ ይሆናል።

የስፌት መኪና የሌለው በመርፌ ወደ ኋላ እየመለሰ ቢሰፋ ይጠነክራል። ወይም ራሱ ቆርጦና በክር አያይዞ በሰፈሩ በረንዳ ላይ ለሚሠራው ልብስ ሰፊ ቢሰጥ የሚከፍለው የስፌቱን ብቻ ነው። ወንዱ አንባቢም «ይህ የሴት ሥራ ነው» ብሎ ገጹን እንዳይገልጥ አደራ! በአገራችን ሴቷ ስትፈትል የሸመነው ወንድ ነው፤ በየበረንዳው መኪና የሚረግጠውም አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የልጅ ልብስ ድንገት እሳት ቢይዝ ልጁ እንዲሮጥ አትፍቀዱ፤ መሬት አስተኝታችሁ በማንከባለል ወይም በወፍራም ጋቢ በመጠቅለል አጥፉት። የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት፤ ሊጥም የጥርስ ሳሙናም ሳትቀቡ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

የቅዳሜ ከሰዓት በኋላችሁ ለአንድ ፒጃማ ይበቃል። ልጅ ባይኖራችሁ እንኳ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት፥ የአከራያችሁም ልጅ አይታጣም። ልኩን ዛሬ ለኩ፤ የጥቅምት ብርድ ሳይቀድማችሁ ስፉ።