ሁለት ሚየሽኮ፣ አንዲት ሳንቲም

የፖላንድን ባለ 10 ዝሎቲ የወረቀት ገንዘብ ያየ ሰው በፊት ገጹ ላይ መስፍኑን ቀዳማዊ ሚየሽኮን፣ በጀርባው ደግሞ አንዲት ትንሽ የብር ሳንቲም ያገኛል። ሳንቲሟ እዚያ የገባችው የእሱ ናት ተብላ ነው። ነገሩ ግን አከራካሪ ነው።

ዴናር ትባላለች፤ ክብደቷ ሁለት ግራም እንኳ አይሞላም። በአንዱ ገጿ መስቀል አለ። በሌላው ያለውን ቅርጽ አንዳንዱ ሰው ቤተ መቅደስ ነው፣ ሌላው ዘውድ ነው ይለዋል። «ሚሲኮ» የሚል ስምም በላቲን ፊደል ተቀርጾባታል። ዓመተ ምሕረት ግን የላትም፤ በዚያ ዘመን በፖላንድ ሳንቲም ላይ ዓመት አይጻፍም ነበር።

ሚሲኮ ማለት ሚየሽኮ መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ችግሩ በዚያ ዘመን በዚህ ስም የተጠሩ ሁለት ገዥዎች መኖራቸው ነው። ቀዳማዊው እ.ኤ.አ. በ966 ተጠመቀ፣ በ992 ሞተ። ልጁ ቦሌስዋፍ ተተካ፤ በ1025 ደግሞ የቦሌስዋፍ ልጅ ዳግማዊ ሚየሽኮ ነገሠ። የቀድሞ ሊቃውንት ሳንቲሟን ለአያትየው ሰጧት። አይፈረድባቸውም፤ አገሩን ወደ ክርስትና ያስገባ ሰው የመጀመሪያውን ገንዘብም አስቀርጿል ቢባል ማን ይገረማል?

ይህን ያናጉት የሳንቲም ታሪክ ተመራማሪው ስታኒስዋፍ ሱሆዶልስኪ ናቸው። ስሙን ለጊዜው ወደ ጎን አድርገው የአቀራረጹን ዘይቤና ከመሬት የወጡ የብር ክምችቶችን መረመሩ። በእነዚያ ገዥዎች ዘመን ብር በሚዛን ነበር የሚገበያየው። የጀርመን ሳንቲም፣ የዓረብ ዲርሃም፣ የተቆራረጠ ጌጥ፣ ሁሉም ተደባልቆ ይቀበራል። ከክምችቱ መካከል መጨረሻ ላይ የተቀረጸችው ሳንቲም ስትለይ፣ ሀብቱ ከዚያ በፊት ሊቀበር እንደማይችል ይታወቃል። በዚህ ስሌት የመጀመሪያውን የፖላንድ ሳንቲም ያስቀረጸው ቦሌስዋፍ ሆነ፤ የሚሲኮዋም ወደ ዳግማዊው ሚየሽኮ ዞረች። እኔም ወደዚህ አዘነብላለሁ፤ ስም ብቻውን ከአፈር ከወጣ ማስረጃ ጋር አይመዛዘንም።

በክምችቶቹ ውስጥ የሚበዛው የውጭ ብር ነው፤ የአገሬው ሳንቲም በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ እነዚህ ገዥዎች ሳንቲም ያስቀረጹት ለገበያ ሳይሆን «እኔም ገዥ ነኝ» ለማለት ይመስላል። ቦሌስዋፍ በ1018 ኪየቭ ከገባ በኋላ ስሙን በሲሪሊክ ፊደል ያስቀረጸባት ዴናር አለች። ሌላዋ የእሱ ዴናር ደግሞ ወፍ ያለባት ናት። የገዥ ስም የላትም፤ «የፖላንድ መስፍን» ብቻ ትላለች። ሆኖም ስም ካላት ከሚሲኮዋ ይልቅ የባለቤቷ ጉዳይ ብዙም አያጨቃጭቅም። የሚያጨቃጭቀው ወፉ ነው፤ ንስር ነው የሚል አለ፣ ጣዎስ ነው የሚል አለ፣ አውራ ዶሮ ነው የሚልም አልጠፋም።