ዘመናዊ ስልክ ብቻውን ፈጣን አገልግሎት አያስገኝም

ደሴ፦ ከደሴ ተነስቶ በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መንገደኛ፣ የያዘው ስልክ ያው ሆኖ ሳለ የኔትወርክ ምልክቱ ከ4ጂ ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ሲለዋወጥ ሊመለከት ይችላል። ብዙ ተጠቃሚዎች ችግሩን በቀፎው ቢያሳብቡም፣ አንድ ስልክ የሚሰጠውን አገልግሎት በአብዛኛው የሚወስነው የኔትወርኩ ባለቤት የሆነው ኦፕሬተር ነው።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ደሴ በተራሮች የተከበበች ስትሆን፣ ኮምቦልቻ ከእርሷ በእጅጉ ዝቅ ባለ ቦታ ላይ ትገኛለች። ዝቅተኛ ሞገዶች ርቀው የሚደርሱ ሲሆን፣ ከፍተኛ ሞገዶች ደግሞ ብዙ መረጃ ቢያስተላልፉም ተራራና ግድግዳ በቀላሉ ይጋርዳቸዋል። በየትኛው ምሰሶ ላይ የትኛው ሞገድ እንደሚተከል የሚወስነው ኦፕሬተሩ ነው።

በ4ጂ ላይ ድምፅ የሚያስተላልፈው ቮልቴ የተባለው አገልግሎትም የሚሠራው ቀፎው ሲችልና ኦፕሬተሩ ሲፈቅድለት ነው። ይህ ካልተሟላ ስልኩ ጥሪ በመጣ ቁጥር ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ ይወርዳል። ከውጭ አገር የሚላኩ አንዳንድ ስልኮችም በሸጣቸው ኩባንያ ሲም ካርድ ብቻ እንዲሠሩ የተቆለፉ በመሆናቸው፣ ካልተከፈቱ በስተቀር የአገር ውስጥ ሲም አይቀበሉም።

የኔትወርኩ ሥልጣን ምን ያህል እንደሆነ ያለፉት ዓመታት አሳይተዋል። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ የተቋረጠው የአጭር መልዕክት አገልግሎት የተመለሰው በ2000 ዓ.ም. መባቻ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የቀፎዎችን መለያ ቁጥር የሚመዘግብ አሠራር ዘርግቶ ነበር። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ወቅትም እጅግ ዘመናዊ የሆኑ ስልኮች ጭምር በሞባይል ዳታ የሚሠሩ አገልግሎቶችን መስጠት አልቻሉም።

በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ዘርፉን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቁሟል። በ2013 ዓ.ም. ፈቃድ ያገኘው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ አገልግሎቱን በድሬዳዋ በመጀመሩ ተጠቃሚው አማራጭ አግኝቷል።

ጉዳዩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን በቀጥታ ይመለከታል። አገልግሎታቸውን በኢንተርኔት ብቻ የሚሰጡ ተቋማት፣ ኔትወርክ በደከመበት ቀበሌ የሚኖረውን ባለጉዳይ ያገላሉ። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር በ*127# አማካይነት ያለ ኢንተርኔትና በተራ ቀፎ ጭምር መሥራቱ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። ስለሆነም ተቋማት ስልክና ታብሌት ከመግዛታቸው በፊት በሥራ ቦታቸው የትኛው ኔትወርክ እንደሚደርስ ማረጋገጥ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሚያገለግል አማራጭ ማዘጋጀት፣ ቅሬታ ሲኖራቸውም መጀመሪያ ለኦፕሬተሩ፣ መፍትሔ ካጡ ደግሞ ለባለሥልጣኑ ማቅረብ ይኖርባቸዋል።