ሸለምጥማጥና የዶሮ ቤታችን ቀዳዳ

ሸለምጥማጥ ደም አይመጥም። ከዚህ የምጀምረው አዲስ አበባ ውስጥ ዶሮ ከሚያረባ ሰው ጋር በተጨዋወትኩ ቁጥር መጀመሪያ የሚነሳው ወሬ ይኼ ስለሆነ ነው። «አምስቱንም ደማቸውን መጥጦ ጥሏቸው ሄደ» ይሉኛል። ሥጋው አልተነካም፣ አንገታቸው ላይ ትንንሽ የጥርስ ምልክት ብቻ አለ፣ መሬቱም ላይ ይህ ነው የሚባል ደም የለም። ታዲያ ደሙ የት ገባ?

ደሙ የትም አልገባም። ሸለምጥማጥ ዶሮ ሲገድል አንገቷን ወይም ጭንቅላቷን ነክሶ አጥብቆ ይይዛል። ጥርሱ ቀጭንና ሹል ስለሆነ የሚተወው ቀዳዳ ጠባብ ነው። ዶሮዋ ወዲያው ስትሞት ልቧ ደም መርጨቱን ያቆማል፤ ትንሽ የፈሰሰውንም ላባዋ ይመጠዋል፣ የቀረው ከቆዳዋ ሥር ይረጋል። በአንድ ወቅት ከእንዲህ ያሉ ዶሮዎች አንዷን ቆዳዋን ገፍፌ አይቻታለሁ፤ ደሙ አንገቷ ዙሪያ ረግቶ ተቀምጧል።

«አይ፣ ደሙን ካልፈለገው ለምን አምስት ገድሎ አንድም ሳይበላ ይሄዳል?» የሚለው ጥያቄ ግን ተገቢ ነው፤ ሰፋ ያለ መልስም ይገባዋል። ሃንስ ክሩክ የተባለ የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1972 ስለዚሁ ጉዳይ አንድ ጥናት አሳትሟል። በእንግሊዝ የባሕር ጠረፍ መሬት ላይ ጎጆ ሠርተው የሚኖሩ ወፎችን ቀበሮዎች ጨረቃ በሌለበት ድቅድቅ ጨለማ እየገቡ ከሚበሉት እጅግ የበዛ ይገድሉ ነበር። ወፎቹ በጨለማ አይነሱም፣ አይበሩም፤ ቀበሮው ከአንዷ ወደ ሌላዋ ያልፋል። በሴሬንጌቲ ደግሞ ጅቦች በአንድ ዝናባማና ጨለማ ሌሊት 82 የሜዳ ፍየሎች ገድለው አብዛኞቹን ሳይበሏቸው ትተዋል። ሥጋ በል እንስሳ የጠገበ ጊዜ ፍለጋውን ያቆማል፤ አፍንጫው ሥር የሚንቀጠቀጥ፣ የማያመልጥ ነገር ካገኘ ግን ቢጠግብም ይነክሳል። በዱር ይህ ብዙ አያጋጥመውም፣ ምክንያቱም አንዷ ስትያዝ ሌሎቹ ይሮጣሉ ወይም ይበራሉ።

የዶሮ ቤት ግን ያንን ጨለማ ሌሊት በየቀኑ የሚፈጥር ቦታ ነው። ዶሮ በቀን ዓይኗ ስል ነው፣ ከመሸ ግን እምብዛም አታይም፤ ቆጥ ላይ ከወጣች በኋላ በእጅ ቢያነሷት እንኳ ብዙም አትታገልም። አራት ግድግዳ፣ አንድ ጣሪያ፣ የተዘጋ በር፣ ተደርድረው የተቀመጡ ዶሮዎች። ሸለምጥማጡ አንዴ ከገባ፣ በሩ የተዘጋው በዶሮዎቹ ላይ ነው። አንዷን ይዞ ሊወጣ ይሞክራል፤ በገባበት ጠባብ ቀዳዳ አላስወጣው ስትል ጥሏት ይሄዳል። «ደሙን ጠጥቶ ሥጋውን ናቀ» የምንለው እንግዲህ ይህንን ነው።

ይህን ያህል የተጨነቅሁበት ያለ ምክንያት አይደለም። ደም መጣጭ መጣብኝ ብሎ ያመነ ሰው የሚያስበው ስለ አውሬው ነው፤ ጎማ ያጨሳል፣ ቀይ ጨርቅ ይሰቅላል፣ ሲብስም መርዝ ያስቀምጣል። ቀዳዳው ግን እንዳለ ነው።

እንስሳውን በአጭሩ ላስተዋውቅ። ሸለምጥማጥ ድመት ይምሰል እንጂ ከድመት ወገን አይደለም፤ የቅርብ ዘመዱ ዝባድ የሚገኝበት ጥርኝ ነው። ክብደቱ 2 ኪሎ ገደማ፣ ሰውነቱ ረጅምና ዝቅ ያለ፣ ቆዳው ነጠብጣብ፣ ጅራቱ ከሰውነቱ ርዝመት ብዙም የማያንስና ጥቁር ቀለበት ያለበት ነው። የሌሊት እንስሳ ነው። ዛፍ ይወጣል፣ ግድግዳ ይወጣል። ዋና ምግቡ አይጥ ነው፤ ወፍ፣ ነፍሳትና ፍራፍሬም ይበላል። ከተማችን ከእንጦጦ ጫካ፣ ከወንዞቿ ዳርቻና ዛፍ ከሞላባቸው የቤተ ክርስቲያን ቅጥሮች ጋር ተያይዛ ስለተሠራች መኖሪያ አላጣም። እኔ በቅርብ ያየሁት ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ነው፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ፣ የጠርሙስ ስባሪ በተተከለበት የግንብ አጥር ላይ፣ በስባሪዎቹ መካከል እግሩን እየመረጠ ድምፅ ሳያሰማ አለፈ። እንደዚያ ያማረ አካሄድ ያለው እንስሳ በከተማችን ሌላ አላውቅም። ያን ሌሊት የሚፈልገው አይጥ ከነበረ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ባለውለታ ነው።

አሁን ወደ ቀዳዳው። የሸለምጥማጥ ጭንቅላት ካለፈ ሰውነቱ ያልፋል። አንዲት እናት ጎረቤቴ ዶሮዎቻቸው ባለቁበት ጠዋት አስጠርተውኝ ሄድኩ።

«እማማ፣ በሩ ተዘግቶ ነበር?»

«በሩማ ተዘግቷል ልጄ! ቁልፉስ እኔው ጋ አይደል? ይኼ እኮ የሰይጣን ሥራ ነው።»

በሩ በእርግጥ ጠንካራ ነው፤ ላሜራ፣ ሁለት መቀርቀሪያ። ነገር ግን የግድግዳው ጫፍና የጣሪያው ቆርቆሮ አይገናኙም። በየአጠናው መካከል አንድ መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ዙሪያውን አለ። እዚያው የጭቃው ጠርዝ ላይ የጥፍር ጭረት አሳየኋቸው። በከተማችን ያየኋቸው አብዛኞቹ የዶሮ ቤቶች ይህ ክፍተት አላቸው። ሠሪው በሩ ላይ ይጠበባል፣ ለወለሉ ይጨነቃል፣ ከላይ ግን «አየር ያስገባል» ብሎ ይተወዋል። አየሩስ በእርግጥ ያስፈልጋል፤ ያለሱ የኩሱ ሽታ የዶሮዎቹን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ስለዚህ ክፍተቱን በጭቃ አትድፈኑት፣ በሽቦ ሸፍኑት።

በየትኛው ሽቦ? ሁላችንም የምንገዛው ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ የዶሮ ሽቦ ለዚህ አይሆንም። ይህን ሽቦ ቻርልስ ባርናርድ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1844 የፈለሰፈው ከጨርቅ ሽመና መኪና ተነስቶ ነው፤ እንደ ጨርቅም ይለጠጣል። ቀጭኑ ሽቦ ተጠማዞ እንጂ ተበይዶ ስላልተያያዘ፣ ሲዝግና ሲጎተት ቀዳዳው ይሰፋል፤ ውሻ ደግሞ በጥርሱ ይቀደዋል። ዶሮ ከግቢ እንዳትወጣ ያግዳል፣ ሌላው እንዳይገባ አያግድም። ለሌሊት ቤት የሚሆነው መገናኛው ሁሉ የተበየደ፣ ባለ አራት ማዕዘን፣ ቀዳዳው ከ1 ሳንቲ ሜትር ብዙም ያልበለጠ ወንፊት ሽቦ ነው። ዋጋው ይወደዳል፤ ሆኖም ዙሪያውን አንድ ስንዝር ቁመት ያለው ቁራጭ ይበቃል፣ ግቢውን ሁሉ ማልበስ አይጠበቅባችሁም። ሽቦውን በሚስማር ብቻ አትያዙት፤ ጠርዙን በጣውላ ወይም በላሜራ ቁራጭ አፍኑት፣ አለበለዚያ ተገፍቶ ይወልቃል።

ከሥር በኩል ውሻ ይቆፍራል። ሽቦውን 30 ሳንቲ ሜትር መቅበር፣ ወይም መሬቱ ላይ ወደ ውጭ ዘርግቶ ድንጋይ መጫን ይበቃል። ቀን ላይ ጫጩት የሚነጥቀው ጭልፊት ነው፤ ለእሱ ጥላ ያለው ቁጥቋጦና ቅርጫት መድፋት እናቶቻችን ድሮም ያውቁበታል።

መዝጊያው ሰዓት ለእኛ ቀላል ነው። አዲስ አበባ ላይ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ዶሮዎቹ ራሳቸው ይገባሉ፤ የእናንተ ሥራ ቆጥሮ መዝጋት ብቻ ነው። የሐበሻ ዶሮን በተለይ ልብ በሏት፤ በራሪ ስለሆነች ከቤቱ ይልቅ ዛፍ ላይ ማደር ይቀናታል፣ ዛፉ ደግሞ የሸለምጥማጥ መንገድ ነው። ገና ስትገዟት ለጥቂት ቀን ቤት ውስጥ አቆይታችሁ ካስለመዳችኋት ትመለሳለች።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ የበዓል ዶሮ። ለፋሲካ ወይም ለገና የተገዛውን ዶሮ እግሩን በገመድ አስሮ ቧንቧው ሥር ማሳደር ልማድ ሆኗል። ያ ዶሮ መሮጥ አይችልም፣ መብረር አይችልም፣ ቆጥ ላይ መውጣት አይችልም። እንደዚያ አስራችሁት አድራችሁ ጠዋት ሸለምጥማጡን አትርገሙ። አንድ ሌሊት ነው፤ ማድ ቤት አስገቡት።

መርዝ ደግሞ በፍጹም። መርዝ የበላው አይጥ ወይም ሸለምጥማጥ የትም ሄዶ ይሞታል፤ ሬሳውን የሚያነሳው ጭልፊት፣ ጥንብ አንሳና የጎረቤት ውሻ አብሮ ይሞታል። ግቢ ውስጥ ልጅ ካለ ጉዳቱ ከዶሮ በላይ ነው። በጠራራ ፀሐይ እየተንገዳገደ ወደ ሰው የሚመጣ አውሬ ካያችሁም በእጃችሁ አትንኩት፣ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን 15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂድ።

እንግዲህ ዶሮ የምታረቡ ሁሉ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ነገ በቀትር የዶሮ ቤታችሁ ውስጥ ግቡ፣ በሩን ከውስጥ ዝጉ፣ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ቆዩ። ብርሃን የሚገባበት ቦታ ሁሉ ይታያችኋል። እያንዳንዱ ላይ ሁለት ጣታችሁን ጎን ለጎን አስገቡ፤ ጣታችሁ ካለፈ እዚያ ላይ ወንፊት ሽቦ ይመታ። ሳይመሽ ጨርሱት።