ጀናዛ ላይ ምን እንበል?



ባለፈው ዓመት የዶርማችን ልጅ አባቱ ሞቱበት። ለቀብር ሄደን ሳቅፈው የምለው ጠፋኝና «አታልቅስ፣ አባትህ እኮ ጀነት ናቸው» አልኩት። ወደ ግቢ ከተመለሰ በኋላ «አታልቅስ ስትለኝ አፍሬ እንባዬን ዋጥኩት» አለኝ። በቅን ልብ የተናገርኩት ቃል ሁለት ስህተት እንደነበረበት ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ጠይቄ ነው።

አንደኛው «አታልቅስ» ማለቴ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል። ዐብዱራሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ተገርመው ሲጠይቋቸው እንባው እዝነት መሆኑን ነገሯቸው። ዓይን ያነባል፣ ልብም ያዝናል፤ ከአንደበት የሚወጣው ግን ጌታችንን የሚያስደስት ብቻ መሆን እንዳለበት አስተማሩ (ቡኻሪ ዘግበውታል)። የተከለከለው ሙሾ ማውረድ፣ ፊት መምታትና ልብስ መቅደድ እንጂ እንባ አይደለም። ስለዚህ የሚያለቅስ ጓደኛ ያልቅስ፤ አጠገቡ ዝም ብለን እንቀመጥ።

ሁለተኛው «ጀነት ናቸው» ማለቴ ነው። ከቀደምት ሙሃጂሮች አንዱ የሆኑት ዑስማን ኢብኑ መዝዑን (ረ.ዐ) መዲና ላይ ሲሞቱ፣ ኡሙል ዐላእ (ረ.ዐ) አላህ በእርግጥ እንዳከበራቸው መሰከሩ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ይህንን በምን እንዳወቁ ጠየቋቸው፤ እሳቸውም ቢሆኑ ለዑስማን መልካሙን ተስፋ እንደሚያደርጉ ነገሯቸው (ቡኻሪ)። ለእንደነሱ ዓይነቱ ሰው እንዲህ ከተባለ እኛማ ለማንም መወሰን አንችልም። «ጀነት ናቸው» ሳይሆን «አላህ ጀነተል ፊርደውስ ይወፍቃቸው» እንበል። ያኔ ንግግራችን ዱዓ ይሆናል፤ ሟቹን የሚጠቅመውም ዱዓው ነው።

ታዲያ ለቤተሰቡስ ምን እንበል? የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሴት ልጅ ልጃቸው ሊሞት ሲያጣጥር ወደ አባታቸው ልከው ነበር። የመጣላቸው መልእክት አጭር ነው፦ የወሰደውም የሰጠውም የአላህ መሆኑን፣ ሁሉም ነገር የተወሰነ ጊዜ እንዳለው፣ ሶብር አድርገው ምንዳውን ከአላህ እንዲያስቡ የሚያስታውስ (ቡኻሪና ሙስሊም)። ዐረብኛውን ያልሸመደደ በአማርኛ «አላህ ያጽናህ፣ ሶብሩን ይስጥህ፣ ለአባትህም ይዘንላቸው» ቢል ይበቃዋል። ክርስቲያን የክፍል ጓደኛችን ሐዘን ሲደርስበትም «ፈጣሪ ያጽናህ» ብለን ከጎኑ መቆም አይክበደን።

የማይባሉም አሉ። «ምን ነካቸው? ለምን ቶሎ ሐኪም ቤት አልወሰዳችኋቸውም?» የሚል ጥያቄ ሐዘንተኛውን «እንዲህ ባደርግ ኖሮ» ወደሚል ጸጸት ይገፋዋል። የሟችን ነውር ማንሳትም ክልክል ነው።

ቀብሩ እንዳለቀ ስለ ፈተና ውጤትና ስለ መመለሻ መኪና ማውራት የተለመደ ሆኗል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ቀብር ሲያልቅ እዚያው ቆመው፣ ሟቹ አሁን እየተጠየቀ ነውና ምሕረትና ጽናት ለምኑለት ይሉ ነበር (አቡ ዳውድ)። ወሬው መንገድ ላይ ይደርሳል።

አንድ ነገር ደግሞ በተለይ ለእኛ ለግቢ ተማሪዎች፦ ጓደኛችን መርዶውን ሳይሰማ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ኢና ሊላሂ» ብለን አንለጥፍ። አባቱ መሞታቸውን ከስልክ ስክሪን ማንበብ የለበትም። ቤተሰቡ ይወስን፤ እኛ ሻንጣውን እናዘጋጅ፣ ብቻውንም አንላከው።

ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ሙእታ ላይ ሸሂድ ሲሆኑ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለቤተሰባቸው ምግብ እንዲሠራ አዘዋል። ለእኛም ከንግግር በፊት ሥራ አለ፦ ምግብ ማቅረብ፣ ያመለጠውን ኖት ኮፒ ማድረግ፣ ለመምህሩ ማስረዳት። ከወር በኋላ ሁሉም ሲረሳው ደግሞ «ስለ አባትህ አጫውተኝ» እንበለው።

አላህ ለሞቱብን ሁሉ ይዘንላቸው፤ አንደበታችንንም ያሳምርልን። አሚን።