በዕለት ስም ስለ መጠራት

ለሕፃን ስም ሲወጣ አንዳንድ ወላጆች ብዙ አይጨነቁም፤ የተወለደበትን ዕለት ራሱን ስም ያደርጉለታል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጎራብቶ በሚኖርበት በወሎ ደጋ፥ በደጎሎና በመካነ ሰላም አገር፥ የሁለቱም ወገን ስም ይሰማል፤ ሰንበቱና ሰንበቴ ከሰንበት፥ ጁማ ከዓርብ ጸሎት ቀን የወጡ ናቸው።

የጋና አገር የአካን ሕዝብ ግን ለሰባቱም ዕለታት፥ ለወንድም ለሴትም፥ የተለየ ስም አለው። ቅዳሜ የተወለደ ወንድ ክዋሜ፥ ሴት አማ ትባላለች፤ ዓርብ የተወለደ ወንድ ኮፊ፥ ሴት አፍያ። እንግዲህ በ1955 ዓ. ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት አዲስ አበባ የመጡት ክዋሜ ንክሩማህ በእኛ አጠራር ሰንበቱ፥ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ኮፊ አናንም ጁማ መባላቸው ነው።

ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ። ክዋሜ ሲባል ዕለቱ አያጠራጥርም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ግን ቅዳሜም እሑድም ሰንበት ስለ ሆኑ፥ ሰንበቱ የተባለው ሰው ከሁለቱ በየትኛው እንደ ተወለደ ስሙ ብቻ አይነግረንም። ወንድ በ40፥ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ የሚሰጠው የክርስትና ስምም ይህን አይገልጽም። የሚያውቁት እናትና አዋላጅ ናቸው፤ እነርሱ ሲሞቱ ዕውቀቱ አብሮ ይቀበራል።

ስለዚህ እናት በሕይወት ሳለች ትጠየቅ፤ ዕለቱም ከወሩና ከዓመቱ ጋራ በዳዊቱ ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ።